እጄ በእጁ ላይ

ጥር 6 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ጎባ

ገባሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ለዓይን ሕክምና የሰጡን ቤት የእህል መጋዘን ነበር። ጠርገው ኖራ ቀብተውታል፤ ቢሆንም የገብስ አቧራ ከጣሪያው እየረገፈ ስናስነጥስ ዋልን። ነገ ጣሪያውን በአቡጀዲ አስሸፍናለሁ።

እስከ ፋሲካ ድረስ ሥራዬ ሁለት ነው፤ የዓይን ሞራ ማውጣትና ሁለት ሐኪሞችን መመዘን። ሁለቱም አዲስ አበባ ሆነው የዓይን ሕክምና ሲማሩ ከርመዋል፤ እዚህ ደግሞ በሽተኛ ላይ ሲሠሩ ሊታዩ ነው። ማዕረጉ አራት ነው፤ ያየ፣ የረዳ፣ በቁጥጥር የሚሠራ፣ ብቻውን የሚሠራ። አራተኛውን ያገኘ የባሌን ሰው ዓይን ተረክቦ እዚሁ ይቀራል። ፈራጁ እኔ ነኝ። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኛል፤ ምኑ እንደሚያኮራ እንጃ።

አንደኛው ዶክተር ሁንዴ የሲናና ገበሬ ልጅ ነው። ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሰውን ትክ ብሎ የሚያይ። ሁለተኛው ዶክተር ሠርከአዲስ የዚሁ የጎባ ልጅ ነው፤ አባቱ የግዛቱ ጸሐፊ ነበሩ፣ ሞተዋል። እናቱ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከመኪና እንደወረድሁ፣ «የልጄ አስተማሪ ሆቴል ሊያድር? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው ሻንጣዬን አስወሰዱት። መዛኝ በተመዛኝ ቤት አያድርም ልል አፌን ከፈትሁ። ጋቢ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። አፌን ዘጋሁ።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ፤ በሽተኛው ጎረፈ። ከሮቤ፣ ከሲናና፣ ከጎሮ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ።

ዛሬ ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላ አስያዝኋቸው። ሁንዴ ቀርፋፋ ነው፤ ከንቱ ቀርፋፋ! በሽተኛው ተኝቶ እያየን ጮኽሁበት። መቀሱን የያዘበት ጣት ልክ አይደለም፣ ክርኑ አየር ላይ ነው፣ ትንፋሹን ያፍናል። ሥራው ሲያልቅ እጁን ታጥቦ መጣና፣ «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አለኝ። ድፍረቱ! ነገርሁት። እየነገርሁትም እንደገና ተናደድሁ።

ሠርከአዲስ ሌላ ነው። መጽሐፉን በቃሉ ይወጣዋል፤ በሽተኛውን «አባባ፣ አይዞዎት» ሲል ድምፁ ብቻውን ያደነዝዛል። ከግማሽ በላይ በጥሩ ሠራ። ሞራውን ማውጣቱ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። እዚያ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ሞራውን በመቆንጠጫ ይዞ ከሥሩ እስኪላቀቅ ድረስ ቀስ እያሉ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ መጠበቅ ነው። እሱ ይስባል። ቢስበው የዓይኑ ውስጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ተከትሎት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን የለም። እጄን በእጁ ላይ አሳረፍሁ፤ ጠበቅሁለት፤ ወጣ። «ጎበዝ» አልሁት። ፊቱ በራ።

ለሁንዴ «የረዳ»፣ ለሠርከአዲስ «በቁጥጥር የሚሠራ» ብዬ ሰጠሁ።

ጥር 17

ሥራ በዛ። የካፖርቴ ቁልፍ ወድቆ ኖሮ፣ ማታ ስመለስ ተተክሎ አገኘሁት። ሳልጠይቅ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ምድጃው አጠገብ ሆነው፣ «ልጄስ?» አሉኝ።

«እጁ ወርቅ ነው።»

እንዴት እንደወጣኝ! ሲስቁ ጥርሳቸው የአርባ ዓመት ሴት ጥርስ አይመስልም። ይህንን ለምን እንደጻፍሁ አላውቅም።

ጥር 22

ሁንዴን ዛሬም ተቆጣሁት። ክርኑ ግን አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሠርከአዲስ ሦስት ሞራ አወጣ። አወጣ ልበል እንጂ። ሦስቱም ላይ፣ እዚያችው ቦታ ስንደርስ፣ እጄ ሄዶ እጁ ላይ ተቀመጠ። ሳላስበው ነው የሚሄደው። የበሽተኛው ዓይን ሊጠፋ ቆሜ አላይ! ለበሽተኛው ስል ነው።

ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እጄን ስታጠብ ነርሷ ቀለሟ ዘበኛውን ስታወራው ሰማሁ፤ «ሁንዴን ይገርፋሉ፣ ሠርኬን ያባብላሉ። ራት የሚበሉት ማን ቤት ሆነና!» ተሳሳቁ። ሳል ሳልሁ።

ባለጌ።

ጥር 26

ዛሬ ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነበር። ከሥራ ስንወጣ፣ «ሠርከአዲስ፣ በእግር እንሂድ» አልሁት፤ መኪናውን አሰናበትሁ። በላይ በኩል ጭጋጉ ተራራውን በልቶታል፤ መንገዱ ላይ ከብት የሚያስገባ ሰው ብቻ ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼአለሁ፤ «ልጄ፣ ሞራውን የማወጣው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም፤ ገና አልቻልህም» ልለው ነው። አጭር ነገር። ሁንዴ ቢሆን ኖሮ መጋዘኑ በር ላይ ጮኼበት በጨረስሁ ነበር።

እሱ ቀደመኝ። «ጋሼ» አለኝ፣ «አባቴ ሲሞት ሁለቱም ዓይኑ ጠፍቶ ነበር፤ ያውቁ ኖሯል? እናቴ እጁን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰው ነበር። ዛሬ እሷ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ፣ ልጄ ዓይን ያበራል ስትል ሲሰሙ ደስ አይልም?»

«በርታ» አልሁት።

በርታ! አሁን ተቀምጬ ይቺን ቃል አገላብጣታለሁ። እኛ ሰውን ፊት ለፊት አልቻልህም አንለውም፤ ነውር ነው፣ ጭካኔ ነው። በርታ እንለዋለን፤ ጉድለት እንዳለበት ከዚያ እንዲገባው እንጠብቃለን። ካልገባው የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኛማ ነግረነዋል። እኔም ዛሬ ነግሬዋለሁ ማለት ነው? አልነገርሁትም። ፈሪ ነኝ። ቤት ስንደርስ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ እግራችንን በሙቅ ውኃ እንድንታጠብ አዘዙ፤ ልጃቸው፣ «ጋሼ እኮ በእግር አስኬዱኝ፤ ሲመክሩኝ መጡ» አላቸው። በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ነገ እነግረዋለሁ።

ጥር 27

አልነገርሁትም። በሽተኛ በዛ።

ጥር 29

ለሠርከአዲስ አራተኛውን ማዕረግ ሰጠሁት። «ብቻውን የሚሠራ።»

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። የጤና ጥበቃ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ስንት አፈራህ አለኝ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ለሰውዬው ምሳ አዘጋጅተው ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ «እህሳ፣ የኛ ልጅስ?» ብሎ ዞረብኝ። እናቲቱ ሳህን ይዘው እንደ ቆሙ ቀሩ። «ደርሷል» አልሁ። ዕልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ። ለፋሲካ የቀሩት ሳምንታት ብዙ ናቸው፣ እስከዚያ ይችላል፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ነው። ለራሴ ይህንን አልሁት።

ሁንዴ «በቁጥጥር የሚሠራ» ነው። ማታ መጋዘኑ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ጋሼ፣ ከሠርከአዲስ የማንሰው በምንድን ነው? ልማርበት» አለኝ።

«በፍጥነት» አልሁት።

ትክ ብሎ አየኝ። «እሺ» አለና ሄደ።

የካቲት 1

ዛሬ ጤቤ የምትባል ሴት ከጎሮ መጣች። የወንድሟ ልጅ ኢዶሳ በበቅሎ አምጥቷታል። ግራ ዓይኗ በልጅነቷ በኩፍኝ ጠፍቷል፤ ቀኙን ሞራ ሸፍኖታል። ያላት እሱ ብቻ ነው። ሞራው በስሏል፤ ጥሩ ነው፣ ቢወጣ ታያለች።

ምላሷ አይጣል ነው! ሁንዴ እያስተረጎመልኝ፣ ምን ማየት ነው የናፈቀሽ ብላት፣ ፀሐይ ወይም የልጅ ልጅ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ወተት» አለች። የልጇ ሚስት ወተቱ ላይ ውኃ ትጨምርበታለች፣ እሷም ታውቃለች፤ ግን ቀለሙን ሳታይ እንዴት ትክሰሳት? መጋዘኑ በሙሉ ሳቀ። ቀለሟ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እኔ ራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ አንድ ዓይን ብቻ የቀረውን ሰው ተማሪ አይነካውም፤ የሚሠራው አስተማሪው ነው። ለቅዳሜ ጠዋት ያዝኋት። «እኔ ነኝ የምሠራልሽ» አልኋት፤ ሁንዴ አስተረጎመ። እጄን ፈልጋ ያዘችና ሳመችው።

የካቲት 2

በችኮላ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ አጋርፋ ዘመዶቻቸው ጋ ለቅበላ ሊሄዱ ነው፤ መኪና የለም፣ ያድርሱኝ አሉ። ነገ ዓርብ እመለሳለሁ፤ ቅዳሜ የጤቤ ነው። ሠርከአዲስ በሽተኛ አለብኝ ብሎ ቀርቷል፤ ትጉህ ልጅ ነው። ለሁንዴ የታመመ ሰው ልጠይቅ ነው አልሁት። ለምን ዋሸሁ? ለቅበላ ነው ብል ማን ይቆጣኝ ነበር?

የካቲት 5፣ እሑድ፣ አጋርፋ

እስካሁን አጋርፋ ነኝ። ዓርብ ልነሣ ስል የቤቱ ጌታ፣ «በሬው ነገ ሊታረድ ዛሬ ይሄዳሉ? ደሞ ምን አስቀየምንዎ?» አለ። አሻፈረኝ አልሁ። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ፣ «አንድ ቀን ቢቀሩ ምን አለበት?» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ። ቀረሁ።

ጤቤን አስቤ ነበር። ሰው ልላክ፣ ለሰኞ አዛውሯት ልበል ብዬ ነበር። ከዚያ፣ እኔ ሳልመለስ ማን ይነካታል አልሁና ተውሁት። ቅዳሜ ሥጋው ቀረበ፣ ጠጁ ቀረበ፣ ተዘፈነ። እኔም ዘፈንሁ! እሳቸው አጠገቤ ነበሩ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ትከሻዬን ነካው። ስንት ዓመቴ እንደሆነ ረሳሁት።

ነገ ጾም ይገባል፤ በጠዋት እንነሣለን።

የካቲት 6

ሠርቷታል።

የካቲት 7

ትናንት እጄ አልጻፈልኝም።

መጋዘኑ በር ላይ ስንደርስ ሁንዴ ቆሞ ነበር። ሰላምታ አልሰጠኝም። «ጤቤን ቅዳሜ ሠርከአዲስ ሠርቷታል» አለ። ሮጥሁ። ፋሻውን ፈታሁ። ዝልግልጉ ፈስሷል፤ ውስጡ ደም ቋጥሯል፤ የዓይኗ ብሌን ወደ ቁስሉ ተስቦ ተጣሟል። ባትሪ አብርቼ፣ ሁንዴ ጣት እያሳየ «ሜቃ?» አላት፣ ስንት ነው ማለቱ ነው። ወደ ድምፁ ዞረች። «ሁለት?» አለች፣ እየገመተች። ጣቱ አንድ ነበር።

«ለምን አላስቆምኸውም?» ብዬ ጮኽሁበት።

«ጋሼ ይምጡ ብዬዋለሁ። እሱ ግን፣ ‹ሕጉ ለተማሪ ነው፤ እኔ ብቻዬን የምሠራ ተብያለሁ፤ ሴትዮዋም ለዛሬ ተይዛለች፤ የወንድሟ ልጅ ሊሄድ ነው› አለኝ። ምን ልበል?» ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ያንን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሠርከአዲስን ከመጋዘኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጉንጩ ገብቷል። «ጋሼ» አለ፣ «ልክ እንደ ሌላው ጊዜ ነው ያደረግሁት። ቃሌን ይመኑኝ። ልክ እንደ ሌላው ጊዜ።»

አመንሁት። ልክ እንደ ሌላው ጊዜ ነው ያደረገው። የጎደለው የኔ እጅ ነው።

ይህንን ግን አልነገርሁትም። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «ያጋጥማል፤ ማንም ላይ ይደርሳል። እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እግዚአብሔርን ጨመርሁበት።

የካቲት 10

ዓይኗ አብጧል። መርፌ፣ ጠብታ፣ ሙቅ ፋሻ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምሄድ! በሄድሁ ቁጥር፣ «አካም ቡልቴ፣ ያ ሀኪማ?» ትለኛለች፣ እንዴት አደርህ ሐኪሙ እያለች። እኔን ነው ደህና አደርህ የምትለው። እኔም በሁንዴ አፍ፣ «ይሻልሻል» እላታለሁ። ሁንዴ ይህችን ቃል ሲያስተረጉም መሬት መሬት ያያል።

የካቲት 15

መግል። ሌሊቱን ራሷን ስታማት አደረች።

ሠርከአዲስ ወደ ሥራ ጠረጴዛው አልቀርብም አለ። ፋሻ ይጠቀልላል፣ ዕቃ ይቀቅላል። ቤትም አይበላም። እናቱ፣ «ምን አገኘብኝ?» አሉኝ። «ድካም ነው፤ ጾሙም አለ» አልኋቸው። የተልባውን ወጥ ጨመሩልኝ። በላሁት። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ በላሁት።

የካቲት 17

ብርሃን እንኳ አትለይም። አልቋል። ለሷ የነገራት የለም። «ገና ነው፣ ይቆያል» ነው የምንላት። ሁላችንም፣ ቀለሟም፣ ዘበኛውም። ይሉኝታ ይዞን አይደለም፤ ፈርተናት ነው። እኔ ፈርቻታለሁ።

የካቲት 22

ሁንዴ ዛሬ የአንድ ሽማግሌ ሞራ ሲያወጣ ቆሜ አየሁት። እዚያች ቦታ ደረሰ። ሞራውን ያዘ። ወዲያ፣ ወዲህ። ጠበቀ። እኔ ላብ በላብ ሆንሁ፤ እጄ ሊነሣ ሲል በሌላው እጄ ያዝሁት። ሁንዴ ይተነፍሳል፣ ቀስ ብሎ፤ ክርኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ጣቶቹ በቦታቸው። ሞራው ሙሉውን ወጣ፤ አንዲት ጠብታ አልተከተለውም።

የጮኽሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ አርሞታል። ጠልቼው አልነበረም፤ እሱን መቆጣት ማንንም ስለማያስቀይምብኝ ነበር እንደ ልቤ የጮኽሁበት። የገበሬ ልጅ ነው፤ ሲናና ያሉት እናቱ ለማን ይናገሩብኛል? እውነቱን የሰጠሁት ደፍሬው ነው እንጂ አክብሬው አይደለም። ሠርከአዲስን ወደድሁትና ባዶውን አስቀረሁት።

«ጎበዝ» ልለው ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለ። ያንን ቃል አበላሽቼዋለሁ። «የስፌቱን ክር አላልተኸዋል» አልሁት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ክሩን አየ። ልክ ነው፣ ትንሽ ላልቷል።

የካቲት 28

አዲስ አበባዎች የመጨረሻውን ፍርድ ጠየቁ፤ ባሌ የሚቀረው ማን ነው? ሠርከአዲስ አራተኛ ማዕረግ ላይ ነው። ዝም ካልሁ እሱ ይቀራል። ብናገር፣ ማን ሰጠው ይባላል።

ደግሞስ በወይዘሮ ወለተኢየሱስ ፊት እንዴት እላለሁ?

መጋቢት 1

አልተናገርሁም። ራሴን አመመኝ።

መጋቢት 4

ተጠየቅሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ በሽተኞቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተዋል። ሠርከአዲስ ሥራ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። የፍየል ዓይን በሳህን ይዟል። ከእስላሞች ሥጋ ቤት ለምኖ ለካ በየቀኑ ሲሞክርበት ነበር የሰነበተው። አስቀመጠውና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ከሠራኋቸው ውስጥ እርስዎ እጅዎን ያላሳረፉበት ስንት ነው?» አለኝ።

«ሠርከአዲስ...»

«ቁጥሩን ብቻ።»

ወደ ሳህኑ አየሁ። ሞራው ተበጥሷል፣ ዝልግልጉ ሳህኑ ላይ ተዘርግቷል። «አንድም» አልሁት።

ይጮኻል ብዬ ነበር። ቢመታኝም እሰየው። ቁጭ አለ። «እኔ እኮ ሲረዱኝ የሚያበረታቱኝ ነበር የመሰለኝ» አለ። «አባቴ ፊደል ሲያስጽፈኝ እጄን እንደሚይዘኝ። የማወጣው እኔ መስሎኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳላስቀይምህ» አልሁ።

«እኔን?» አለኝ።

ማንን ላለማስቀየም እንደነበር ያወቀ ይመስለኛል። ሳህኑን አንሥቶ ወጣ።

መጋቢት 5

ማታ ቤት ስገባ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ምድጃው አጠገብ አልነበሩም። እልፍኝ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው።

«ነገረኝ» አሉ።

«ወይዘሮ ወለተኢየሱስ፣ እኔ...»

«ይቆዩኝ። እኔ ቤቴን የሰጠሁዎ ልጄን እንዲያስተምሩልኝ ነው። እንጀራ ሳቀርብልዎ ይሸፍኑልኝ አልሁዎ? አንድ ቀን ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«ባሌ ዓይኑ ሲጠፋ እጁን ይዤ የዞርሁት እኔ ነኝ። ያቺ ሴትዮ አሁን እጇን ማን ይያዝላት? አጋርፋ ደግሞ... » ድምፃቸው ተሰበረ። «እዚያ ይቅሩ ያልሁዎ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰው እንደሚጠብቅዎ አልነገሩኝም።»

እውነት ነው፣ አልነገርኋቸውም። ቢያውቁ ኖሮ ራሳቸው ያስነሡኝ ነበር። ይህንን ማወቄ ነው የባሰው።

ሻንጣዬን ራሴ ይዤ ወጣሁ። በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ደንባቸው ነው። ካፖርቴን ሲያቀብሉኝ እጃቸው እጄን እንዳይነካ ተጠነቀቁ።

መጋቢት 7

ሆቴል። ቁንጫ።

ለአዲስ አበባ ሁሉንም ጻፍሁ። የሠርከአዲስን ማዕረግ ሰረዝሁ፤ የሰጠሁትም የሰረዝሁትም በኔ ጥፋት እንደሆነ፣ የጤቤንም ነገር፣ አጋርፋንም። ሁንዴ ይቀራል። የኔን የሐኪምነት ፈቃድ የሚያደርጉትን ያድርጉት። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ ምንም አልቀለለኝም።

መጋቢት 8

ጠዋት ሁለቱን ሥራ ቤት አገኘኋቸው። አዲስ የፍየል ዓይን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሠርከአዲስ ማጉያ መነጽሩን አድርጓል፣ ሁንዴ ከጎኑ ቆሟል፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«ስሳሳት እጄን እንዳትነካኝ» ይለዋል ሠርከአዲስ። «ተናገረኝ። ከፈለግህ ስደበኝ።»

«እሰድብሃለሁ» አለው ሁንዴ። ሁለቱም አልሳቁም። ቀና ብለው ሲያዩኝ ወጣሁላቸው።

መጋቢት 10

ኢዶሳ በቅሎውን ይዞ መጣ። ጤቤ ጓዟን ጠቅልላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፋሻው እንዳለ ነው። ሁንዴን ጠራሁትና፣ «ዛሬ ይሻልሻል አንላትም። የምለውን ሁሉ እንዳለ ንገራት፤ አታለስልስልኝ» አልሁት። «እሺ» አለ። ሠርከአዲስም መጥቶ ግድግዳው ሥር ቆመ። ማንም አልጠራውም ነበር።

ፊቷ በርከክ አልሁ። ዓይንሽ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ አያይም አልኋት። ሁንዴ ነገራት። ፋሻውን በመዳፏ ዳበሰችው። «አውቄዋለሁ» አለች፤ «ስትዋሹኝ ድምፃችሁ ይቀጥናል።»

ሠርከአዲስ፣ «የሠራሁሽ እኔ ነኝ። እጄ ነው ያጠፋው» አለ። በኦሮምኛ ነው ያላት፣ በራሱ አፍ። ወደ ድምፁ ዞራ ሰማችው። አልረገመችውም፤ ይቅር አላለችውምም።

እኔ ደግሞ፣ «እሱ ገና እንዳልቻለ አውቅ ነበር፤ ይችላል ያልሁት እኔ ነኝ። አንቺንም እኔ ነኝ የምሠራልሽ ብዬሽ ነበር፤ አልነበርሁም» አልሁ።

ሁንዴ አስተረጎመ። ጤቤ ጥቂት አሰበችና አንድ ነገር ጠየቀች። ሁንዴ ለማስተርጎም ዘገየ።

«የት ነበሩ? ትላለች። ሰው ታሞብዎት ነው ወይ? ትላለች።»

እንዲያ ነው ያሰበችልኝ። ያንን ውሸት ከአፌ የሰማው ሁንዴ ነው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። አዎ ብል ያስተረጉምልኝ ነበር፤ እሷም ታምነኝ ነበር።

«የታመመ ሰው የለም በላት» አልሁ። «አጋርፋ ግብዣ ነበር። በሬ ታርዶ።»

ነገራት። ኢዶሳ በር ላይ ሆኖ የበቅሎውን ልጓም ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጤቤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ወዳለሁበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ባዶ ግድግዳ ላይ። አንዲት ቃል ተናገረች። ቁጣ የለባትም፤ ከድግስ የተመለሰን ሰው ቤተሰቡ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችኝ።

«ጠገቡ ወይ? ትላለች» አለ ሁንዴ።

«ጠግቤ ነበር በላት» አልሁት።

ነገራት።

ኢዶሳ ገብቶ እጇን ያዘና አስነሣት። ከበሩ ደፍ ላይ እግሯ ተሰናከለ፤ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ እጃችንን ዘረጋን። የያዘችው የኢዶሳን ነው።